ማትሪክ ሁለቴ፣ ሲኦሲ አንዴ

«ፈተና የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያመጣው ማነው?»

ጋሼ ይህን የጠየቀኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ላባችን እስኪደርቅ ስንጠብቅ ነው። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ይጠግናል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወገቡን ስለሚያመው በዓመት አንዴ ሁለቴ ወንዛዬ መጥቶ እኛ ቤት ያድርና ፍል ውሃው ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ ግን የመጣው ለወገቡ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን፣ ተፈትኖ ወድቆ ነበር።

መውደቁ ብቻውን አልነበረም ያናደደው፤ አወዳደቁ ነው። ምዘናው ሁለት ክፍል አለው፤ በተግባር የሚሠራ እና በወረቀት የሚመለስ። ተግባሩን አለፈ። መዛኙ ቆሞ አየው፣ ሞተሩን ፈታ፣ ገጠመ፣ አስነሳ። ወረቀቱ ላይ ግን «ቶርክ» የሚል ነገር መጣ፣ «ቪስኮሲቲ» የሚል ነገር መጣ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ። ውጤቱ ሲወጣ «ገና ብቁ ያልሆነ» ይላል። «ገና» የምትለዋ ቃል ናት ያቃጠለችው። ዕድሜው አርባ ሰባት ነው።

«ቶርክ ማለት ብሎን ስታጠብቅ ክንድህ በቃ የሚልህ ነገር መሆኑን ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ» አለኝ።

እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር የምሠራ ሰው ነኝ፤ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ቀን የሚሠራ ሰው ሳይንስ ተምሮ በወረቀት እንዲፈተን መጀመሪያ ያሰበው ማነው? ለምንስ አሰበው? ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ከለንደን ወደ ጋፋት፣ ከጋፋት ወደ ጋይንት ወሰደኝ። ሁለቱ የኛው ደቡብ ጎንደር ናቸው።

ከሩቁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ ጆርጅ በርክቤክ የሚባል ወጣት ሐኪም ግላስጎ ውስጥ የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተምር ነበር። ለማስተማሪያ የሚሆን ዕቃ ሲያሠራ፣ የሚሠሩለት የእጅ ባለሙያዎች ከበቡትና ይሄ ምን ያደርጋል፣ ያ ለምን እንዲህ ሆነ እያሉ ይጠይቁት ጀመር። እነዚህ ሰዎች ለምን አይማሩም አለና ለእነሱ ብቻ በነፃ ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1823 ለንደን ውስጥ የመካኒኮች ተቋም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነው። ቀን መዶሻ የሚይዝ ሰው ማታ መጥቶ ስለ እንፋሎትና ስለ ኬሚስትሪ ይሰማል። በዚያን ጊዜ ፈተና የለም፤ የመጣ ይሰማል፣ የደከመው ወንበሩ ላይ ይተኛል።

ፈተናው የመጣው ቆይቶ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሳይንስና የሥነ ጥበብ መምሪያ የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመና ከ1859 ጀምሮ (አሁንም በፈረንጆቹ) በመላ አገሪቱ የሳይንስ ፈተና መስጠት ጀመረ። ዋናው ታላሚ ሠርቶ አዳሪው ሕዝብ ነበር። አሠራሩ ለእኔ ዓይነት ሰው ወዲያው የሚገባ ነው፤ ተማሪው ሲያልፍ አስተማሪው ይከፈለዋል፣ ካላለፈ ምንም። ክፍያ በውጤት። ኮድ እንደመጻፍ ነው፤ የምትለካውን ነገር ታገኛለህ፣ ያልለካኸው ይጠፋል። መንግሥት የለካው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ አስተማሪዎች ቤተ ሙከራውን ትተው የሚፈተነውን ማስሸምደድ ያዙ።

ኤች ጂ ዌልስ፣ የጊዜ ማሽንን ልብ ወለድ የጻፈው፣ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። በአንድ የገጠር ከተማ ትምህርት ቤት ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ርዕሰ መምህሩ በስም የማታ ክፍል ከፈተለት። እሱ ለብቻው መጽሐፍ እያነበበ ተፈተነ፤ ባለፈ ቁጥር ለርዕሰ መምህሩ ገንዘብ መጣ። ቀልድ ይመስላል። ግን ልጁ እናቱ በሰው ቤት የምትሠራ የድሃ ልጅ ነበር፤ በእነዚያ ፈተናዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1884 ለንደን ሄዶ ከቶማስ ሃክስሊ ሥር ሳይንስ የመማር ዕድል አገኘ። ፈተናው መጥፎ ትምህርት አምጥቷል፤ ያው ፈተና ዌልስን ከሱቅ አውጥቶታል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ምክንያቱም ጋሼን ለማጽናናት ብዬ «ፈተና ክፉ ነው» የሚል ታሪክ ነበር የምፈልገው።

እንግሊዞቹ ወረቀታቸውን በሚያዘጋጁበት በዚያው ዘመን፣ ከወረታ በምሥራቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ነበር። የወረታ ልጅ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ፈረንጆቹን ሚስዮናውያን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ ያሉበት ቦታ ነው። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር የሚባሉት እነዚህ ሰዎች ለስብከት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ የመድፍ መሐንዲሶች አልነበሩም፤ አንችልም አሉ። ንጉሡ አሽከሮቻቸውን አሠሩባቸው። ከዚያ በኋላ እንሞክራለን አሉ። ሞከሩ፤ አልሆነም፤ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ የገባው በ1868 ነው። ዛሬም እዚያው አለ።

የታሪክ መጽሐፍ የሚያነሳው የፈረንጆቹንና የንጉሡን ስም ነው። ግን መድፍ በሦስት አራት ሰው አይፈስም። እቶኑን የገነባው፣ ከሰሉን ያከሰለው፣ ወናፉን የነፋው የሀገሬው ሠራተኛ ነው፤ በጋፋት ለሀገሬው ወጣቶች የተከፈተ ትምህርት ቤትም ነበር። እዚያ ምን ዓይነት ፈተና ነበር ብትሉኝ፣ የቀለጠው ብረት ቅርጹን ሲይዝ አልፈዋል፣ ሲሰነጠቅ ወድቀዋል። ጥያቄ ወረቀት የለ፣ ቁጥር የለ። ፈታኙ ብረቱ ራሱ ነው። ይህን ለጋሼ በስልክ ስነግረው ሳቀና «እሱስ የኛ ፈተና ነው፤ ማሽኑ ካልተነሳ ባለቤቱ አይከፍልህም» አለኝ።

ከጋፋት ወደ ምሥራቅ፣ የወልድያን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ጋይንት ትገባላችሁ። እዚያ ቤተ ልሔም አለች። ድጓ ተምሮ የጨረሰ የአብነት ተማሪ ከየትም ክፍለ ሀገር ይምጣ፣ ተምሬያለሁ የሚለው ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ካስመሰከረ በኋላ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አባ ይሄዳል፤ እሷም እዚያው ጋይንት ናት። ቃሉን ልብ በሉት፤ ማስመስከር። ያለፈው ሰው ምስክር ይባላል። ዛሬ ከኮሌጅ ስንወጣ የሚሰጡንን «የምስክር ወረቀት» ስንል፣ ሳናውቀው የቤተ ልሔምን ቋንቋ ነው የምንናገረው። የሳይንስ ትምህርት አይደለም፤ ልክ ነው። ግን የፈተና ሥርዓት ነው፤ ተፈታኞቹም ለምነው እየበሉ፣ ለመምህሩ እንጨት እየለቀሙ፣ ውሃ እየቀዱ የሚማሩ ናቸው። መምህሩ ተማሪውን ያውቀዋል፣ ያየዋል፣ ይሰማዋል፤ ከዚያ በስሙ ይመሰክርለታል።

እንግዲህ እኔ ሁለት ዓይነት ፈተና አገኘሁ ማለት ነው። አንዱ የምስክር ነው። አንዱ የቁጥር ነው። የምስክሩ ፈተና አንተን የሚያውቅ ሰው ዓይኑ እያየ የሚሰጥህ ነው። የቁጥሩ ደግሞ አንተን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ወረቀትህን ብቻ አይቶ የሚሰጥህ። ጋሼ አንዱን አልፎ አንዱን ነው የወደቀው።

የቁጥሩ ፈተና ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ራሱ ስሙ ላይ ተጽፏል። አባቶቻችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ምን ይሉታል? ማትሪክ። ማትሪክ የማን ቃል ነው? የለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና «ማትሪኩሌሽን» ይባል ነበር። ያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ የትም ተማር፣ ማታ ተማር፣ ቤትህ ተቀምጠህ አንብብ፣ ፈተናውን ካለፍክ ዲግሪዬን እሰጥሃለሁ አለ። ወረቀቱ በመርከብ ተጭኖ በየቅኝ ግዛቱ ዞረ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ወረቀቱ ግን ከጣልያን ወረራ በኋላ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን የተፈተኑት የለንደንን ፈተና ነው። በኋላ የራሳችን የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ተተካ። ስሙ ግን አፍ ላይ ቀረ።

ከዚያ በፊት የነበረውንም ትንሽ ልንገራችሁ፤ ጉዳዩ ስለሚገናኝ። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ምኒልክ አንድ የታወቀ አዋጅ አስነገሩ፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ የሚሸምነውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እየተሳደባችሁ ሙያውን አታጥፉ የሚል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩዋቸው ይገርማል። ለእጅ ባለሙያው አዋጅ ወጣለት። ትምህርት ቤቱ ግን በዋናነት የውጭ ቋንቋ የሚያስተምር፣ ለአስተርጓሚነትና ለጽሕፈት ሥራ የሚያዘጋጅ ነበር። ቀጥቃጩ አትሰደብም ተባለ እንጂ ግባና ተማር አልተባለም።

ግባና ተማር ለመባል አርባ ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የሚባል የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የማታ ትምህርት እየተስፋፋ ሄደ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ የማታውን ክፍል «ኤክስቴንሽን» አለው፣ እስከዛሬም እንደዚያው እንላለን። ዘበኛው፣ ጸሐፊዋ፣ ወታደሩ፣ የሹፌር ረዳቱ ማታ ማታ ደብተር ይዘው ይሄዳሉ። የማታ ተማሪ የራሱ ፈተና የለውም። ከቀን ተማሪ ጋር ያው ማትሪክ፣ ያው ቀን፣ ያው ወረቀት።

ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ግፍ? እኔ ሁለቱንም ነው የምለው።

ፍትሕነቱን ለማየት የዚያን ዘመን የሥራ አገባብ ማሰብ ነው። ደጅ ጥናት። ዘመድ። የእገሌ ሰው መሆን። ምስክር የሚሆንህ ሰው ከሌለህ፣ የምስክር ሥርዓት ላንተ ዝግ በር ነው። ማትሪክ ላይ ግን ስምህ የለም፤ ቁጥር ነህ። የሚያርመው ሰው፣ በኋላም የሚያነበው ማሽን፣ የደጃዝማች ልጅ ሁን የዘበኛ ልጅ አያውቅም። እኔ ራሴ የወንዛዬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር «ፖሊ» የገባሁት ያቺ ቁጥር ስለማታውቀኝ ነው። በ2008 ግንቦት ላይ ልንፈተን ገብተን የእንግሊዝኛው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ሲሰረዝ ያለቀስነው ለዚህ ነው። እንደገና ማጥናቱ አልነበረም ያስለቀሰን። ያ የማያውቀን ዳኛ ጉቦ የበላ መስሎን ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ተፈተንን።

ግፍነቱን ለማየት ደግሞ ወደ ጋሼ ልመለስ።

ጋሼ ወረታ ማታ የተማረው በ1980ዎቹ ነው። ቀን ወፍጮ ቤት ረዳት ነው፤ ጆንያ ይሸከማል፣ ናፍጣ ይቀዳል። ማታ ክፍል ይገባል። መብራት ሲጠፋ ኩራዝ። ኬሚስትሪ ይወድ ነበር። እስከዛሬ ድረስ ብትጠይቁት «አሲድ ላይ ቤዝ ሲንጠባጠብበት፣ ፌኖፍታሊን ካለበት፣ ልክ ሲደርስ ሮዝ ይሆናል» ብሎ ይነግራችኋል። ሮዝ ሲሆን ግን አይቶ አያውቅም። ሲንጠባጠብም አላየም። ቢዩሬት የሚባለውን ብርጭቆ ያየው በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። አስተማሪው ራሱ ቀን አስተምሮ የመጣ ደካማ ሰው ነው። ማትሪክ ሁለቴ ተፈተነ፤ ሁለቴም ሁለት ነጥብ አልሞላም። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ሥርዓቱ ተለወጠ፤ በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እየተተገበረ ሄዶ ከ1993 ጀምሮ አገር አቀፉ ፈተና አሥረኛ ክፍል ላይ ሆነ። «እኔ ስደርስ በሩን አዛወሩት» ይላል።

ቀን ተማሪ ብሆንም እኔም ብዙ የተሻለ አላየሁም። በእኛ ጊዜ «ፕላዝማ» ነበር፤ በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት። ላቦራቶሪው ውስጥ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ሁሉንም ነገር ሠርቶ ያሳየናል፣ አንድም ነገር አንነካም። መብራት ሲጠፋ ሙከራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ፈሳሹ ሮዝ ይሁን አይሁን ሳናውቅ ደወል ይደወላል። ጋሼ በሰማው፣ እኔ ባየሁት፣ ሁለታችንም ባልነካነው ነገር ተፈትነናል።

ከተማችን አካባቢ ሌላ መንገድ ተሞክሮ እንደነበር መርሳት አልፈልግም። ባሕር ዳር ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፤ ከጣልያን የጦር ካሣ የመጣ ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ። ጨርቃጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የእርሻ መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ። ፋብሪካና ትምህርት ቤት በአንድ ከተማ። እኔ በገባሁበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኖ ነበር፤ የሩሲያ ማሽኖች ግን ወርክሾፑ ውስጥ አሁንም ቆመው ነበር፤ ከባድ፣ አረንጓዴ፣ የማይሞቱ። አንድ ሌዝ ማሽን ላይ የጽሑፉ ፊደል በሰው እጅ ተዳብሶ ተዳብሶ ጠፍቷል። እሱን ሳይ የተሰማኝን ሌላ መጽሐፍ ላይ አልተሰማኝም።

ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ ተማሪና አስተማሪ ገጠር ዘመተ። በ1971 ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀመረ፤ በአምስት ቋንቋ ጀምሮ እስከ አሥራ አምስት ደረሰ። የእኔ አያት እዚያ ነው ፊደል የቆጠረችው። ዛፍ ሥር። ከፊደሉ በኋላ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስነብብ ትምህርት ነበር። እሷም ተፈትናለች፤ ማንበብና ስሟን መጻፍ። የምስክር ወረቀቷን ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ስለ ዘመቻው ብዙ የሚተች ነገር አለ፤ ግዳጁ፣ ፖለቲካው፣ ብዙ ሰው ከዓመታት በኋላ ፊደሉን መርሳቱ። አያቴ ግን አልረሳችም።

ወደ ፎገራ ሜዳ ልመለስ፤ የጋሼ እንጀራ ያለው እዚያ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ድሮ የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩበት፣ ጅግና እና ሻጋ የሚባሉ የገበሬ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ተሞከረ። ማኅበራቱ ከሥርዓቱ ጋር ፈረሱ። ሩዙ ቀረ። ዛሬም ሜዳው ላይ በብዛት የሚዘራው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ስሙ ከዚያች ጅግና የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አዲስ ዝርያ ከምርምር ወጥቷል፤ ገበሬው ግን የቀመሰውን፣ በእንጀራ የሞከረውን፣ ገበያ የሸጠውን አይጥልም። ይሄ ከማንም ቢሮ ያልተሰጠ ፈተና ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ሃያ አምስት የግብርና ሙያ ኮሌጆች ከፈተ፤ አንዱ ወረታ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት የተማሩ ልጆች ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆነው በየቀበሌው ሦስት ሦስት ተመደቡ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልሳ ዓመት ያረሰውን ሰው ያስተምራል። አባቴ ስለ አንዱ ሲያወራ «ልጁ መልካም ነው፣ የሚያውቀው ብዙ ነው፣ ያየው ግን ትንሽ ነው» ይል ነበር። ልጁ ቁጥሩን አልፏል፤ ምስክሩ ገና ነው ማለቱ ይመስለኛል አሁን ሳስበው።

ሲኦሲ እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የመጣው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂው ሲከለስ፣ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባለው ቀርቶ ከደረጃ 1 እስከ 5 ሆነ። አንድ በጣም ጥሩ ሐሳብም አብሮ ገባ፤ ሙያውን የትም ተማረው፣ ኮሌጅ ይሁን ጋራዥ፣ ከአባቱም ይሁን፣ ማንም ሰው መጥቶ ልመዘን ማለት ይችላል። ሐሳቡን ሳነብ ደስ አለኝ። በተግባር ሲሠራ የሚያየው መዛኝ ቤተ ልሔምን ነው የሚመስለው፤ ወረቀቱ ደግሞ ለንደንን። ሁለቱን ፈተናዎች አንድ ላይ አምጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋሼ ዓይነት ሰው በሩን ከፈቱ። እና ጋሼ ለምን ወደቀ?

ከወደቀባቸው ጥያቄዎች ያስታወሳቸውን ተቀምጠን አየናቸው። ግማሾቹን ያውቃቸዋል። እርግጠኛ ነኝ። ወፍራም ዘይትና ቀጭን ዘይት በብርድ ጠዋት እንዴት እንደሚለያዩ ሩብ ሰዓት አስረዳኝ፤ ያ ነው «ቪስኮሲቲ»። የቀሩትን ግን አያውቅም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ኤሌክትሪክ ላይ ሁለት ጊዜ ሊሞት የደረሰው፣ ማወቅ የሚገባውን ነገር ማንም ስላላስተማረው ነው። ወረቀቱ እዚያ ላይ ልክ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ መጠየቁ አይደለም፤ ከመጠየቁ በፊት የሚያስተምር አለመኖሩ ነው። እንግሊዞቹ ቢያንስ የማታ ክፍሉን ከፈተናው ጋር አብረው ነበር የከፈቱት፤ ገንዘቡም ለአስተማሪው ነበር የሚሄደው። ጋሼ የከፈለው ለመመዘኛ ነው፤ የተማረው ግን የትም አይደለም።

አሁን ደግሞ የቀን ተማሪውም ወደ ጋሼ ቦታ እየወረደ ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዛወር 896,520 ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው። 3.3 በመቶ። ኩረጃው ቆመ፣ ጥሩ ነው። ግን ስለ ሠራተኛው አስቡ፤ ፈተናው ግቢ ውስጥ ለቀናት እያደሩ የሚወስዱት ነው። ዘበኛ ማን ይተካዋል? የሚጠባ ልጅ ያላት ሴትስ? በእኛ ክልል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ማታ ደብተር ይዞ መንገድ መውጣት የሚባል ነገር ለብዙ ሰው የለም።

ለጋሼ የቴሌግራም ቦት ሠራሁለት። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። በፓይተን፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ። ጥያቄ ይልካል፣ አራት ምርጫ ይሰጣል፣ ሲሳሳት በተራ አማርኛ ያብራራል፤ ቶርክ ምን እንደሆነ፣ ፊውዝ ለምን እንደሚቃጠል። የወረታ ሌሎች መካኒኮችም ገቡበት፤ አሁን ሠላሳ ምናምን ናቸው። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የሚጠቀሙት። አንዱ በድምፅ እንዲያነብለት ጠየቀኝ፣ ዓይኑ ደክሟልና። ጨመርኩ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወለና «እኔም ጥያቄ አለኝ፣ አስገባልኝ» አለ።

«እሺ ጋሼ፣ በለኝ።»

«ሩዙ ከማሽኑ ሲወጣ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ የምታየው ምንድን ነው?»

አላወቅኩም። ምርጫ ስጠኝ አልኩት። ሀ፣ የቢላው ክፍተት። ለ፣ የሩዙ እርጥበት። ሐ፣ የማሽኑ ፍጥነት። መ፣ የዝርያው ዓይነት። «ለ» ብዬ ገመትኩ፤ ለመፈልፈል 14 በመቶ ገደማ እርጥበት ነው የሚመከረው የሚል ነገር አንብቤ ነበር።

«እንዴት አወቅህ ግን?» አለኝ። «ሩዙን በጥርስህ ነክሰሃል? ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተጣበቀ ርሷል። ቆይ ግን፣ ቀድሞ የመጣው ሰው ሩዝ ደህና ወጥቶ የዚህኛው ብቻ ከተሰባበረ ነው ሩዙን የምትነክሰው። ጠዋት ጀምሮ የሁሉም ከተሰባበረ ቢላዋውን ነው የምታየው። መጀመሪያ ማን እንደቀደመ ትጠይቃለህ።»

ይሄ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ነው፤ ኮድ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠይቀው ትናንት ይሠራ ነበር ወይ፣ የሁሉም ሰው ነው የተበላሸው ወይስ የአንድ ሰው ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ መልሱ የትኛው ነው?»

«እሱማ እንደ ቀኑ ነው። ከአራቱ አንዱን ምረጥ ካልከኝ እኔም እወድቃለሁ።»

ቦቱ የሚቀበለው አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ነው የሠራሁት። ጥያቄውን ለማስገባት ኮዱን እየቀየርኩ ነው። ጋሼ ሐምሌ ላይ እንደገና ይፈተናል።